በቅርጫ የተከፋፈለው ቪዲዮና ሰባተኛው መደብ

ለተከበሩ አቶ የኋላሸት፣
የምንጭ ዳር መረዳጃ እድር ጸሐፊ፣ የእድሩ የመረጃ ቴክኖሎጂ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢና ብቸኛ አባል፣
እንጅባራ

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና የቤትዎን ሰላም በአንድ ጊዜና በአንድ ላይ፣ ሳይቆራርጥ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። ይህ የሰኔ ዝናብ ጉልበትዎን እንዳልያዘብዎ፣ ጣሪያውም በእድሩ ኮምፒውተር ላይ እንደማያፈስ ተስፋ አለኝ። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ቀርከሃ ሰንጥቄ ወንበርና አልጋ በመሥራት የምኖር ሰው ስለሆንኩ በጽሑፌ ጉድለት ቢያዩ ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። በቃል ላመልክት ብዬ ስመጣ "በጽሑፍ አምጣ" ስላሉኝ፣ በጽሑፍ ሳመጣም "መዝገብ ቤቱ ዝግ ነው" ስለተባልኩ፣ ይህችን ደብዳቤ አባል ሁሉ በሚያነባት ቦታ፣ በድንኳን ማስቀመጫው በር ላይ ለጥፌአታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አባል ባጭሩ ላስረዳ። በኅዳር 2007 ዓ.ም. የእድራችንን ሃያኛ ዓመት ስናከብር በዓሉ በቪዲዮ ተቀርጿል። ቀራጩ እየዞረ ሚስቶችን ስለ ባሎቻቸው፣ ባሎችን ስለ ሚስቶቻቸው ሲጠይቅ ባለቤቴ ዘውድነሽም ተጠይቃ መልሳ ነበር፤ ሰውም በጣም ስቋል። እኔ በዚያች ሰዓት ውጭ ነበርኩ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ "ምን ብለሽ ነው ሰው እንዲያ የሳቀው?" ብላት "ሲታይ ትሰማዋለህ" አለችኝ። ለፋሲካ ይታያል የተባለው ቪዲዮ ወደ መስቀል፣ ከመስቀል ወደ ጥምቀት ሲተላለፍ ሁለት ዓመት አለፈ፤ በጥር 2009 ዘውድነሽ አረፈች። ድምፅዋ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም። እንግዲህ የምለምንዎ ይህንኑ ነው፤ ያቺን መልስ መስማት።

ምስጋናዬና ቅሬታዬ ስለተቀላቀለብኝ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ በዘንድሮው የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ቪዲዮው ለአባላት በቴሌግራም ይላክ ሲባል "ትልቅ ፋይል በዚህ ኔትወርክ አይሄድም፤ ተጨምቆና ተቆራርጦ ነው የሚላከው" ብለው ስብሰባውን ያስረዱበት ትዕግሥት አይረሳኝም። አንድ ጊጋ ከሁለት መቶ ሜጋ የነበረው ፋይል በእርስዎ እጅ ከተጨመቀ በኋላ አንድ ጊጋ ከሁለት መቶ ሜጋ ሆነ። ይህን ያህል ተጨምቆ ይህን ያህል መጠኑን የጠበቀ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ኢንተርኔት ቤት ያለችው ፋና "ቪዲዮ ሲቀረጽ ጀምሮ የተጨመቀ ነው፣ ደግመው ቢጨምቁት አይቀንስም፤ መጭመቅስ ለጽሑፍ ነው የሚበጀው" ብትለኝም፣ የእርስዎን ልፋት ዝቅ እንዳታደርግ ተቆጥቻታለሁ።

ሁለተኛ፤ መቆራረጡን አልነቅፍም። ኔትወርክ መጥቶ "ሃሎ" ሳንል በሚሄድበት ከተማ፣ ትልቁን በአንዴ ከመላክ ቆራርጦ መላክ ብልህነት ነው፤ መሀል ላይ ቢቋረጥ የቀረችውን ቁራጭ ብቻ መድገም ነውና። እኔም ሰንጣቂ ነኝ። ነገር ግን ለአንዱ ደንበኛ እግሩን፣ ለሁለተኛው መደገፊያውን፣ ለሦስተኛው መቀመጫውን አድዬ "ሁላችሁም ወንበር አላችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ" ብዬ አላውቅም። ይህን ለማሰብ የእርስዎ ዓይነት ሥልጠና ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ አሥራ ሁለቱን ቁራጭ ስማርት ስልክ ላለን፣ እርስዎን ጨምሮ ለአሥራ ሁለታችን በሙሉ ይልካሉ ብለን ስንጠብቅ፣ "ማንም ከማንም እንዳይበልጥ" ብለው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ በዕጣ አደሉን። የፋሲካው በሬ ከታረደ ገና ሳምንቱ ስለነበር እጅዎ ከቅርጫው አልወጣም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፤ የበሬው ዕጣ የተጣለባቸውን እንጨቶች እንኳ አጥበው መልሰው ተጠቅመዋል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የበሬ መደብ የደረሰው ሰው የሌሎቹን አሥራ አንድ መደብ ሰብስቦ በሬውን ካላስነሣ ወጡን አይቀምስም አልተባለም። ለእኔ አሥራ ሁለተኛው ደረሰኝ፤ ድንኳን ሲፈርስ የሚያሳየው መሆን አለበት። ሰባተኛውን ግን ያለ ዕጣ፣ ለቆራጭ የሚገባ ነው ብለው ለራስዎ አስቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰላም የለውም። ሦስተኛው ቁራጭ የደረሳቸው አቶ አዝመራው ቁራጩ ለብቻው አልከፈት ቢላቸው "ለእኔ አጥንት ብቻ ነው የሰጠኝ፤ ጉበቱን ማን ነው የወሰደው?" እያሉ ከቤት ቤት ዞሩ። ወይዘሮ ማናለብሽ በበኩላቸው እሳቸው ወጥ ሲጨልፉ የሚያሳየው ክፍል ከአቶ አዝመራው ዘንድ ነው መባሉን ሰምተው "የእኔ ፊት በሰው ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል? ባለ ትዳር ነኝ እኮ!" ብለው አቶ አዝመራው ድንች የሚሸጡበት ድረስ ሽማግሌ ላኩባቸው።

አራተኛ፤ ቁራጮቹ እያሉ ሙሉው ለምን ቦታ ይይዛል ብለው ዋናውን ፋይል ስላጠፉልን እናመሰግናለን። ቀራጩም የካሜራውን ካርድ አስረክቦ አገር ስለቀየረ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ሰፊ ቦታ አለው።

አምስተኛ፤ የቁራጮቹ መክፈቻ ቃል (ፓስዎርዱ) የእርስዎ ስም ከነአባትዎ ስምና ከነ "አቶ"ው መሆኑን ሳውቅ ተደስቻለሁ። ስምዎን በአክብሮት ሳልጽፍ የሟች ባለቤቴን ፊት ማየት እንዳልችል ማድረግዎ ትሕትናን አስተምሮኛል።

ስድስተኛ፤ መደቦቹን ስሰበስብ ያየሁትን ላጫውትዎ። አባላት ድርሻቸውን በቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንዲያወጡ ብለምን "የደረሰኝን ሥጋ መንገድ ላይ ላስጣው?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ የፋናን ፍላሽ ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንደኛው ቁራጭ የደረሰው እንየው ባጃጁን ይዞ ጫግኒ ወርዶ ስለነበር በሚኒባስ ተከትዬው ወረድኩ። "አያ ምህረቴ፣ ለዚህች ብለው ነው ቆላ የወረዱት? ቢደውሉልኝ እልክልዎ አልነበር?" አለኝ። መደወል የሚባል ነገር መኖሩ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ይህን ቅሬታ በእርስዎ ላይ አልጨምረውም። ወይዘሮ ማናለብሽ ድርሻቸውን የሰጡኝ "እኔ ጋ ሲደርስ ፊትዎን ያዙሩ" ብለው አስምለውኝ ነው። ሲደርስ አዙሬአለሁ።

አሥራ አንዱን ይዤ ፋና ዘንድ ገባሁ። ኮምፒውተሩ "ሰባተኛውን አምጡ" ብሎ ቆመ። ልጅቷ ግን "የተጎዳውንም ፋይል ቢሆን አትጣል ብዬ ኮምፒውተሩን አዝዤ እስከ ስድስተኛው ያለውን ላውጣልዎ" አለችና አወጣችው። ድንኳኑ ታየ፣ እርስዎም ንግግር ሲያደርጉ ታዩ፤ ንግግርዎ ሦስት ሙሉ ቁራጭ ይዟል፣ አንዲት ቃል አልጎደለችበትም። ከዚያ ዘውድነሽ መጣች። አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላዋን ነው የለበሰችው። ቀራጩ "እስኪ ስለ አያ ምህረቴ ምን ይላሉ?" አላት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ወደ መውጫው ዞር ብላ አየች። አለመኖሬን ስታረጋግጥ ነጠላውን ከአፏ አወረደችና "እሱማ..." አለች።

በዚያው ቀረች። እጇ እንደተነሣ፣ አፏ እንደተከፈተ። ፋና አምስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችልኝ፤ ዘውድነሽም አምስት ጊዜ "እሱማ" አለች። ስድስተኛውን ጊዜ ፋና ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

ስምንተኛ፤ (ቁጥር መዝለሌን ለሚታዘብ፣ ስህተት አይደለም፣ እመለስበታለሁ።) ሰባተኛውን ቁራጭ ስጡኝ ብዬ ብመጣ "በእድሩ ኮምፒውተር ያለ ንብረት ንዑስ ኮሚቴው ሳይወስን አይወጣም" አሉኝ። ንዑስ ኮሚቴው እርስዎ ነዎት። በግንቦት አጋማሽ ሰብሳቢው ተገኝቶ አባሉ ስላልተሟላ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አባሉ ሆነው እንዲመጡልኝ ለመንኩዎ፤ አላሳፈሩኝም፣ መጡ፤ ያን ዕለት ግን ሰብሳቢው ቀሩ። ሁለታችሁ የምትገናኙበት ቀን ካለ ደጅ ላይ ብርድ ልብስ ይዤ ለመጠበቅ ዝግጁ ነኝ።

እስከዚያው "በቦታው የነበረ ሰው ጠይቅ" ባሉኝ መሠረት ጠይቄአለሁ። አቶ አዝመራው "እሱማ ከቀርከሃው ጋር ነው የተጋባው፣ ነው ያለችው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" ይላሉ። ወይዘሮ ማናለብሽ "ኧረ ውሸት! እሱማ ዝም ሲል ነው ደህና፣ ነው ያለችው" ይላሉ። እንየው ደግሞ "እሱማ ባይኖርልኝ ብላ ጀምራ ነበር፤ የቀረውን የሰው ሳቅ ዋጠብኝ" አለ። ባይኖርልኝ ምን? ዐፈር ላይ ተንበርክኬ ጸሎት ሳደርስ እንኳ ይህችን ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ እየሞከርኩ እገኛለሁ። የማገኝላት መጨረሻ ሁሉ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።

ዘጠነኛ፤ ይህኛው በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ የቀረበ ነው። ያን ዕለት ከድንኳኑ የወጣሁት "ፈረሱን ላስር" ብዬ ነበር። ፈረሱ ታስሮ ነበር። ቀራጩ ወደ እኔ ሲመጣ ስላየሁት ነው የወጣሁት፤ በሰው ፊት ስለ ዘውድነሽ ደግ ቃል መናገር አፍሬ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ለደንበኛ "ጥሩ ወንበር ነው" የምለውን ያህል እንኳ አላልኳትም። ይህን ለንስሐ አባቴ ስናገር "አሁን ንገራት፣ ትሰማለች" አሉኝ፤ እየነገርኳት ነው። የእሷን መልስ ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ መስማት አልቻልኩም። የተናገረችው ነቀፌታ ከሆነ ንስሐ እገባበታለሁ። ምስጋና ከሆነ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ቢሆንም አምጡልኝ።

ስለዚህ ሰብሳቢውም አባሉም በአንድነት ተመካክረው፣ ሰባተኛውን መደብ ከሐምሌው ስብሰባ በፊት ለፋና ፍላሽ እንዲያስረክቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስለ ድካምዎ ሁሉ ያለኝን ምስጋና በአሥራ ሁለት ቆራርጬ አንደኛውን ቁራጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ አሥራ አንዱን ከጎረቤት እየዞሩ ይሰብስቡ።

ስምዎን በመክፈቻ ቃልነት ዘወትር የሚጽፈው፣
የአሥራ ሁለተኛው መደብ ባለቤት፣ ታዛዥ አባልዎ
ምህረቴ አየነው
ሰኔ 2010 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመደብ ባለቤቶች በሙሉ፣ ሳይቆረጥ
ለፋና፣ ከምስጋና ጋር

ከፊርማዬ በኋላ፦ ሰባተኛውን ቅሬታ ያስቀረሁት የእርስዎን አሠራር አክብሬ ነው፤ ለቆራጭ የሚገባ ነው። ባለፈው ስብሰባ እርስዎ በስልክ ለመነጋገር ወደ ውጭ ብቅ ባሉበት ጊዜ አንድ ሰው "ስለ ጸሐፊያችን ምን ትላላችሁ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ወይዘሮ ማናለብሽ ተነሥተው፣ በሩን አይተው፣ "እሱማ..." ብለው መለሱ። ሰው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ስቄአለሁ። ቃል በቃል ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ቀርከሃ መሥሪያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የእኔን ሰባተኛ ይዘው ሲመጡ ይሰሙታል።