የጋሽ ዘውዴ ቪዲዮ ቤት መዘጋት

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቦሌ ሚካኤል

ጋሽ ዘውዴ ቪዲዮ ቤታቸውን ዛሬ ዘጉ። ከወሎ በመጣሁበት ዓመት፣ መክፈያ ሳይኖረኝ ከፊት አግዳሚ ላይ እያስቀመጡ ፊልም ያሳዩኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ ፊልሞቻቸው ያሉበትን ፍላሽ በአደራ ሲሰጡኝ በድብቅ ለራሴ ገለበጥኩት፤ በስልክ ላይ ፊልም የምጭንበትን ሱቅ የከፈትኩት በዚያ ነው። ሰፈሩ ፊልሙን በየስልኩ ሲይዝ የእሳቸው አግዳሚዎች ባዶ ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሱቄ መጡ።

«አዳራሼን በሙሉ ኪስ ውስጥ ከተትከው አሉ። እስቲ ለእኔም ጫንልኝ፤ አሁን እንግዲህ ተመልካች ሆኛለሁ» ብለው ሳቁ።

የሚወዱትን የህንድ ፊልም ጫንኩላቸው። ከራሳቸው ፍላሽ የወሰድኩት ነው። ልናዘዝ አፌን ስከፍት፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው «የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። እኔ ግን «አሜን» አልኩ።