ለእማዬ የሠራህላት እጀታ

የምወድህ አባዬ፤

ከተለየኸን እነሆ አሥራ አንድ ወር አለፈ። እኔ አሁንም ሞጣ አስተምራለሁ፤ ቢቸና የምመጣው ትምህርት ሲዘጋ ነው። የአናጢነት ዕቃህን ማንም አልነካብህም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እማዬ ነው።

ቁርጥማቱ ጣቶቿን ሲያጣምማቸው ስፌቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ የተወችው ትዝ ይልሃል? ጎረቤቱ ሁሉ ዕድሜ ነው አለ። እኔም አስተማሪ ተብዬ፣ በቃሽ ዕረፊ አልኳት። እምቢ ያልከው አንተ ብቻ ነህ። ለወስፌዋ የወይራ እጀታ ሠራህላት፤ በራስህ መዳፍ ለክተህ፣ እስኪያብለጨልጭ አለስልሰህ። ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ግን ያሟልጫል። ከእጇ እየሾለከ አስመረራት።

ያኔ ነው ሰው ያበድክ የመሰለው። ጣቶችህ እንደ እሷ ጣቶች አልታጠፍ እንዲሉ በጨርቅ ጠፍረህ፣ በጠራራ ፀሐይ ደጃፍ ላይ ስፌት ልትሰፋ ተቀመጥክ። ቢቸና ወንድ ስፌት ሲሰፋ የት አይታ! የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ጠበል ይዘው መጡ። አንተ ተረጨህና ሥራህን ቀጠልክ። እኔ አፍሬ ጓዳ ገባሁ፤ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ማፈሬ ነው።

በነጋታው እማዬን እርጥብ ጭቃ አስጨበጥካት። ሲደርቅ የእጇን መልክ አይተህ፣ ለሠፈራችን ፊታውራሪ በር ሠርተህ በተረፈህ እንጨት ወፍራም እጀታ ቀረጽክላት፤ እንዳያዳልጣትም አሮጌ የኮርቻ ቆዳ አለበስከው። ወሬው ሲሰማ እጇን የሚያማት ሴት ሁሉ ጭቃ ጨብጣ መጣች፤ አንዷንም ባዶ እጇን አልመለስክም። እንዳንተ ያለ ብልህ ሰው አላየሁም፣ አባዬ።

ከሞትክ ወዲህ እማዬ ወስፌውን አልነካም አለች። እንባም አልወጣት ብሎ ሰጋንላት። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ግን፣ የተዝካርህ ዳቦ በተውሶ መሶብ አይቀርብም ብላ አዲስ መስፋት ጀመረች። አንዳንድ ቀን አንድ ዙር ትሰፋለች፤ አንዳንድ ቀን ጣቷ ጭራሽ አይታዘዛትም። እኔ አይደርስላትም ብዬ ከሞጣ ገበያ በድብቅ መሶብ ገዛሁ።

ትናንት በጭነት መኪና መጥቼ ስገባ የሰፋችውን መሶብ ክዳን ስትሞክር ደረስኩ። ልክ ገጠመ። እጀታውን እንደጨበጠች፣ ከሞትክ ጀምሮ ያላነባችውን ሁሉ አነባችው።

እስካለሁ አልረሳህም አባዬ፤ ይህ ቃሌ ነው። የገዛሁትን መሶብ አጥር ጥግ ሸሽጌዋለሁና እማዬ እንዳታየው እርዳኝ።

ልጅህ