በእናትሽ ፈትል የሆነው

ይድረስ ለልጄ ለመስታወት፣ ጋምቤላ።

እንደምን አለሽ ልጄ? እንደምን ሰነበትሽ? ከወለድሽ ወዲህ ወገብሽ ጠና ወይ? ጡትሽ ሞላ ወይ? ሕፃኗስ እንደምን አለች? እንቅልፍ ትሰጥሻለች? ባልሽ ትእዛዙ እንደምን ነው? ተማሪዎቹ ይሰሙታል ወይስ እንደ ሰቆጣ ልጆች ያስቸግሩታል? የዚያ አገር ሙቀት ሰው ያቀልጣል ይሉናል፤ አንቺ የዋግ ብርድ ያሳደገሽ እንደምን ቻልሽው? እኔ አባትሽ ደኅና ነኝ። ዓይኔ ያያል፣ እግሬ ይረግጣል፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ፍየሎቹ ደኅና ናቸው። ማሽላው ዘንድሮ አገዳ እንጂ ፍሬ የለውም፤ ይህም አዲስ ነገር አይደለም።

ይህን የሚጽፍልኝ መልአኩ ነው፤ የፈታዮችና የሸማኔዎች ማኅበራችን ጸሐፊ። የሚናገሩትን ላሳምርልዎ ብሎኝ ነበር። ያልሁትን ጻፍ፣ ማሳመሩን ለቃለ ጉባኤህ አስቀምጠው ብዬዋለሁ። ስለ እሱም ደስ የማይለው ነገር እናገራለሁ፤ እሱንም ይጻፍ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ኔትወርኩ ሲመጣ ቃሉ ይጠፋኛል፤ ቃሉ ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ደግሞ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ስልኩ ባዶውን ይሄዳል። ስለዚህ ጋቢውን ለሚያደርስልሽ ሰው ደብዳቤውንም አብሬ ሰጠሁት። ጋቢውን ሳትፈቺ በፊት ይህን አንብቢ።

እናትሽ ለሕፃኗ ክርስትና የፈተለችው ፈትል ጋቢ አልሆነም። መግነዝ ሆኗል። እናትሽ በእሱ ተገንዛ ተቀብራለች። የመጣልሽ ጋቢ የእሷ እጅ የለበትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ ማርገዝሽን የሰማች ዕለት እናትሽ ጥጥ አስመጣች። ራሷ ዳመጠችው፣ ራሷ ነደፈችው፣ የማኅበሩ የፈታዮች አለቃ ሆና ሳለ አንዲት ሴት አላስነካችም። ክረምቱን በሙሉ ፈተለችው። በጣት መካከል ሲያልፍ መኖሩ የማይታወቅ ቀጭን ፈትል ነበር። ከዚያ ቀደም ብላ ደግሞ ለራሷ መግነዝ የሚሆን ፈትላ ነበር። ያኛው ወፍራም ነው። አፈር ለሚበላው ልብስ ዓይኔን አላፈስም ትል ነበር። ሁለቱን በሁለት እንቅብ አድርጋ ቆጡ ላይ አስቀመጠችው፤ የእኔ በግድግዳው በኩል ያለው ነው ብላ ነግራኛለች አሉ። እኔ አልሰማሁ ይሆናል። በሸማኔ ቤት ስለ ክር የማይወራበት ቀን የለም፤ ሁሉን ማን ያዳምጣል።

በመስከረም ታማ ስትተኛ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። እሷ ግን ከእሱ በፊት ታውቀው ነበር። መግነዜን እያየሁት ሥራልኝ አለችኝ። እኔም ከቆጡ አንዱን እንቅብ አወረድሁ፣ ድሩን አደራሁ፣ የሸማኔ ጉድጓዴ ውስጥ ገብቼ ስረግጥ ስወረውር ስድስት ቀን ሠራሁ። ቀጭን መሆኑን ጣቴ አውቋል። ኩሩ ሴት ናት፣ ወፍራም ይበቃኛል ያለችውን ተጸጽታበት ለመቃብሯም ቀጭን ፈተለች አልሁ።

እንግዲህ ስሚ። እኔ በሰቆጣ ገበያ ልቃቂት አንስቼ ይህ የእገሊት እጅ ነው የምል ሰው ነኝ። ዓይኔን በጨርቅ ሸፍነው ፈትነውኛል፤ አልሳትሁም። የአርባ አራት ዓመት ሚስቴን ሁለት ፈትል መለየት አቃተኝ። መልአኩ እዚህ ላይ «በሐዘን ምክንያት» የሚል ልጨምር ይለኛል። አትጨምር። ተሳሳትሁ፣ አለቀ።

ጨርሼ አምጥቼ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁት። በእጇ ዳሰሰችው። ቆይታ ደግሞ ዳሰሰችው። እጅህ አይክሳ አለችኝ። ጥቅምት ዘጠኝ ቀን አረፈች።

የቀብሯ ዕለት አላለቀስሁም። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። እስካሁንም አላለቀስሁም። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲነሣ እግሩ የሌላ ሰው እግር ይሆንበታል፤ ብትቆነጥጪው አይሰማውም። እኔ እንዲያ ነኝ፤ ግን እግሬ ብቻ አይደለም። ወጡ ጨው በዛበት አነሰበት አላውቅም። አስተዛዛኙ ይመጣል፣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ማን ማን እንደ መጣ ብትጠይቂኝ አልነግርሽም። አንቺ ያን ጊዜ ሆድሽ ገፍቶ መንገድ የማትችዪ ነበርሽ፤ ባለመምጣትሽ ቅር አላለኝም። ብትመጪም መኖርሽን አላውቀውም ነበር።

አርባዋ በወጣ ማግስት የአንቺን ጋቢ ልጀምር ብዬ ሁለተኛውን እንቅብ አወረድሁ። እጄን ሰደድሁ። ወፍራም ነው። ከዚያ ሰላማዊትን አስጠራኋት፤ ከእናትሽ ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የፈተለችውን ጎረቤታችንን። እንቅቡን ስታየው ፊቷን አዞረች።

አያ፣ እኛ እኮ አውቀናል አለችኝ። ድሩን ሲያደሩ አይቼ ሮጬ ለባለቤትዎ ለወለተ ሰንበት ነግሬያት ነበር። እሷ ግን ዝም በይ አለችኝ። «ድሩን አታስፈቺው። ይህ ሽማግሌ ሳይሳደብ ሲሠራ ያየሁት ገና አሁን ነው። የሚወለደው ሕፃን ብዙ ጋቢ ይለብሳል፤ ለእኔ የቀረኝ አንድ ነው። አርባዬ እስኪወጣ አትንገሪው» አለችኝ።

እናትሽ እንዲህ ብላለች። እያወቀች ተገነዘችበት። እኔ ይህን ስሰማ ደረቴን ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልሆንሁ። ተቀመጥሁና እህ አልሁ። ሰላማዊት ግን አለቀሰች።

ክርስትናዋ ጥር ሃያ ሁለት ነው ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። የእናት ወላጆች ጋቢ ሳይልኩ የልጅ ልጅ ክርስትና ሲነሣ እኔ አላየሁም፤ በእኔ ቤትም አይጀመርም። ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቅዳሜ ሴቶቹ ፈትላቸውን ያመጣሉ፤ እኔ ዳስሼ ይህ ለድር፣ ይህ ለማግ፣ ይህ ተመላሽ እላለሁ። ያን ቀን ዳሰሳውን ትቼ ተነሥቼ ያጠፋሁትን ተናገርሁ። ወፍራሙን ፈትል ለሕፃኗ ልሥራው አልሁ። ሴቶቹ ጮኹ። የመግነዝ ፈትል ለክርስትና! ሟርት አይጥሩብን አሉ። ክር ክር ነው አልኋቸው። የሚሰማኝ አጣሁ።

ያኔ ይኸው አሁን የሚጽፈው መልአኩ ተነሣ። ድሩን የፋብሪካ ክር ያድርጉት፣ ማጉን ብቻ የእጅ ፈትል ያድርጉ፤ ዛሬ አዲስ አበባም እንዲህ ነው የሚሠራው አለ። ለልጅ ልጄ የፋብሪካ ክር! በአገራችን አፍ፣ በኽምጣንጋ መለስሁለት። ያልሁትን አሁን ጻፈው ስለው እንቢ አለኝ፤ ወረቀቱ ይቃጠላል ይላል።

ሰላማዊት ናት መላውን ያመጣችው። ፈታዮቹ ሁሉ ካላቸው ላይ ምርጥ ምርጡን ያዋጡ አለች። አሁን እዚህ ላይ የእኔን ሕግ ማስታወስ አለብሽ። የብዙ ሴት እጅ በአንድ ሸማ አይገባም ብዬ ያወጀሁት እኔ ነኝ። አንዷ ታጠብቃለች፣ ሌላዋ ታላላለች፤ ሲታጠብ ግማሹ ይሰበሰባል፣ ግማሹ ይለጠጣል። በዚህ ሕግ ስንቷን ሴት አስለቅሻለሁ። ሰላማዊትን ራሷን አንድ ጊዜ ልቃቂቷን በጉባኤ መካከል ወርውሬባታለሁ። አልረሳችውም። ወገቧን ይዛ፣ አያ፣ ያን ጊዜ ወረወሩብኝ፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ወርውሩልኝ አለች። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። መልአኩም ሳቀ። መሳቂያ መሆኔ ገብቶኛል። አልተቆጣሁም። ቁጣውም የት እንደ ሄደ አላውቅም። እሺ አልሁ።

ከገና በፊት አመጡልኝ። ከእኛው ከዋጉ ዝቋላ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ያደረሰችም አለች። እነዚያን የሰደብኋቸውን ሴቶች ልቃቂት ፊቴ አስቀምጬ ጠበቅ ያለውን ለድር፣ ላላ ያለውን ለማግ ለየሁት። እያንዳንዱን ስነካ ባለቤቲቱን አውቃታለሁ፤ ጣቴ ተመልሷል። ሠራሁት። ስትዘረጊው መስመር መስመር ታያለሽ፤ የአንዷ እጅ አልቆ የሌላዋ የሚጀምርበት ነው። ነውር ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ሸማ ከቤቴ አይወጣም ነበር። በፈላ ውኃ እንዳታጥቢው።

ልጨርስ ስል ማግ ጎደለኝ። አንድ ክንድ ለምትሆን ጫፍ ነው የጎደለኝ። ሄጄ ጨምሩልኝ እንዴት ብዬ ልበል? አንድ ጊዜ መለመኑም እንደ ተራራ ከብዶኛል። ሦስት ቀን ሸማው እንዲሁ ተወጥሮ ዋለ። ከዚያ የእናትሽን እንዝርት አነሣሁ።

ወንድ እንዝርት አይዝም። አውቃለሁ። ስድሳ ዓመት ክር ስዳስስ አንድም ቀን አልፈተልሁም። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አሽከረከርሁት፤ ተበጠሰ። ቀጠልሁት፤ አንዱ ቦታ እንደ ገመድ ወፈረ፣ አንዱ ቦታ እንደ ጠጉር ቀጠነ። ሰላማዊት ስታልፍ አየችኝ። ቆመች። አያ፣ መቼ ነው የሚወልዱት አለችኝ። ወደ ቤትሽ ሂጂ አልኋት። አልሄደችም። ድንጋይ ስባ ተቀመጠችና ጥጡን አመልማሎ እያደረገች ስታቀብለኝ ዋለች። ልፍተልልዎ አላለችኝም። ብትለኝ እሰጣት ነበር፤ አውቃ ነው ያላለችው።

በሁለተኛው ቀን የበቃኝን ያህል ሆነ። ለሕዝብ ባሳየው እኔ ራሴ ተመላሽ የምለው ፈትል ነው። ወረወርሁት፤ ሸማው ሞላ። አውርጄ አጥፌ ሰጠሁ።

ወፍራሙን ፈትል ለማንም አልሰጠሁም። የእኔ መግነዝ ነው። ጉልበት እያለኝ እኔው እሠራዋለሁ፤ ሌላ ሸማኔ እንዲነካው አልፈልግም። ይህን ያልሁሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ የት እንዳለ እንድታውቂው ነው።

ጋቢውን ይዞ የሚወርደው ነጋዴው ዓብዱልቃድር ነው። አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ይሄዳል፤ ትእዛዙ ለስብሰባ ሲመጣ እዚያ ይሰጠዋል። ዓብዱልቃድር በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልሎታል፤ ቤቱ ሁሉ መርቆ ልኮታል።

ይቅር በይኝ ማለት አልችልበትም። መልአኩ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፎ አነበበልኝ። አንዱን አጥፋ ብዬዋለሁ፤ አንዱ ይበቃል።

ለትእዛዙ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጥሩ ባል ነው፣ ፊት ለፊት ብዬው አላውቅም። ልታርስሽ ለመጣችው ለእናቱ ለእቴ ኪዳነ ምሕረት እግዚአብሔር ይስጥልኝ በዪልኝ፤ የወለተ ሰንበትን ቦታ ሸፍናለች። ከዚህ ሰላማዊት ትስምሻለች። መልአኩም ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ራሱ ነው የጨመረው። ታላቅ ወንድምሽ አሳምነው ከደሃና ሲመጣ ስምሽን ያነሣል። የእኔን ጣት ከታች በቀለም አትሜያለሁ።

ለሕፃኗም ሰላም በዪልኝ። ስሟን ጻፉልኝ። ጋቢውን ስታለብሻት ከሁለቱ ጫፍ አንዱ ሻካራ ነው፤ በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ፊቷን ይፍቃታል። በእግሯ በኩል አድርጊው።

አባትሽ ገብረ አምላክ
ሰቆጣ፣ ጥር ፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.