ሰባተኛዋ የእሳት እራት እንድትሰረዝ

ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በመኝታ ክፍሌ በአልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃል አስጽፋለሁ። እግሬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። የሚጠራጠር ምስክር ካለ፣ ዕድሜዬን ስመረምረው የኖርኩትን የቆላ የእሳት እራት ወገን ስድስቱንም ዝርያዎች በቃሌ ልዘርዝርለት። ሰባት እንዳላልኩ ይታወቅልኝ።

ቤቱ ከነዕቃው ለእህቴ ልጅ ነው፤ አራት ዓመት አስታማኛለች። ታናሽ ወንድሜ አይቀየም። "የብል ሐኪም" እያለ ሲስቅብኝ ኖሯልና፣ ብል አንድ ቀን እንኳ ያልነካውን የሱፍ ካፖርቴን ይውሰድና ሐኪምነቴን ይመስክር።

መጻሕፍቴና ማይክሮስኮፑ ለሠራሁበት ሙዚየም ይግቡ። አብሯቸው የሚከተለው ቃሌ ይድረስ።

በዚያ ወገን ክንፍ ያታልላል። ዝርያ የሚለየው በሆድ ጫፍ ባለው የመራቢያ አካል ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ከቆላ ደን በመጣ ሣጥን ውስጥ የሁለት እራቶች ሆድ ተሰብሮ አገኘሁ። አንዱን አንስቼ በሙጫ አያያዝኩ። የሦስተኛውን ዝርያ ክንፍ ከአምስተኛው ዝርያ ሆድ ጋር ማጋባቴን አላወቅኩም። ከየትኛውም አልገጥም ስትለኝ አዲስ ዝርያ ናት ብዬ ፈነደቅኩ፤ በሥራ ባልደረባዬ በሠዓሊዋ ስም ሰየምኳት። በአፌ ያልደፈርኩትን በዚያ መናገሬ ነበር።

ሠዓሊዋ እየሣለቻት ቀና ብላ አየችኝ።

"ስማ፣ ይሄ ሆድ የሷ አይደለም።"

"አንቺ ሥዕልሽን ጨርሺ፤ መለየቱን ለኔ ተዪው።"

"ጨርሻለሁ። ያየሁትን ነው የሣልኩት።"

ደረትና ሆድ በሚገናኙበት ቦታ ፀጉር የምታክል መስመር አስምራለች። የሙጫው ስፌት ነው። ሥዕሉ ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሄድ መስመሩን በምላጭ ፋቅኩት።

አዲሷን ዝርያ ያሳወቅኩበት የምርምር መጽሔት ታትሞ የመጣ ዕለት ገልጣ አየች።

"መስመሬስ?"

"ቆሻሻ መስሎኝ ነው።"

"በኔ ወረቀት ላይ ቆሻሻ አይተህ ታውቃለህ?"

መጽሔቱን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁት።

"በል፣ ስሜን ካንተ ሙጫ ላይ አንሣልኝ።"

በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀች። ብሩሾቿን አጥባ፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ሄደች።

በሳምንቱ በሣጥኑ የቀረውን ሌላውን ሆድ መርምሬ እውነቷን እንደሆነ አረጋገጥኩ። ማረሚያው ከአንድ ገጽ አያልፍም ነበር፤ አልጻፍኩም። ለክብሩ ሳስቶ ነው የሚል ይኖራል። የመጀመሪያውን ዓመት እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። በሥራችን ደንብ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሰያሚው ስም ይጻፋል። የእሷና የእኔ ስም ጎን ለጎን የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው። አዲስ የዝርያዎች ዝርዝር በታተመ ቁጥር ያንን ገጽ ገልጬ እመለከት ነበር። የሚነበብ ሌላ ነገር አልነበረበትም፤ ሁለት ስም ብቻ።

ይህን ሳስጽፍ ከምስክሮቼ አንዱ፣ የሙዚየሙን መሳቢያዎች የሠራው አናጺ፣ "ጋሼ፣ ታዲያ ቢቀርስ? የሞተች እራት ማንን ትጎዳለች?" አለኝ። ሠዓሊዋን ጎድታለች። ሐሰት መሆኑን በዓይኗ ባየችው ነገር ላይ ስሟን ለጥፌ፣ አንሣ ብትለኝ እምቢ ብያለሁ።

ስለዚህ ሰባተኛዋ ትሰረዝ። ሙዚየሙ ሙጫውን አላቆ ክንፏን ወደ ሦስተኛው፣ ሆዷን ወደ አምስተኛው ዝርያ መሳቢያ ያስገባ። ስማችንም ይለያይ።

ዋናው ሥዕል በራስጌዬ ተሰቅሏል። የእህቴ ልጅ በእጇ ለሠዓሊዋ ታድርስ እንጂ በፖስታ አትላከው። አድራሻዋ ከጀርባው ተጽፏል፤ አንድም ደብዳቤ አልላኩበትም። የፋቅኩት ቦታ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል። ባለፈው ሳምንት መስመሩን ልመልስ እርሳስ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። መስመሩ የእሷ ነው። እሷ ትመልሰው።

የተጻፈው ከዳር እስከ ዳር ተነብቦልኛል፤ ያልኩት ነው።

ተናዛዥ፦ እጄ ስለማይጸና በጣት አሻራ
ምስክሮች፦ ጎረቤቴ ነርሷ፣ ጸሐፊም (ፊርማ)
የሙዚየሙ ጡረተኛ ዘበኛ (ፊርማ)
የመሳቢያዎቹ አናጺ (ፊርማ)