ጠመኔ የተባለው ተማሪ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? መነጽርዎ ላይ መቀመጥዎን ሰምቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በየትኛው ዐይንዎ እንደሚያነቡት እንጃ። የእማዬስ ጥርስ ተሻላት? እኔ ድምፄ ከመጎርነኑ በቀር ደህና ነኝ። ሃምሳ ልጅ የሚያስተምር ሰው ድምፁ ቢጎረንን እንደማይገርም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የምጽፍልዎ መደወል አቅቶኝ አይደለም። የማክሰኞውን በስልክ ልንገርዎ ብል እንባዬ ይቀድመኛል፣ ካርዱም ያልቅብኛል። ደግሞም እርስዎ ያዩት የስልክዎን ስክሪን ብቻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን አላዩም።

እንደነገርኩዎ፣ ጥያቄዬ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይወጣል። ልጆቹ በቡድን በያዙት ታብሌት መልሱን ይነካሉ፤ ስንቱ የቱን እንደመረጠ ወዲያው ይታያል። የሚወጣው ቅጽል ስም ብቻ ስለሆነ ፈሪውም ከደፋሩ እኩል ይናገራል። ምክትል ርዕሰ መምህሯን ግን፣ ልጆቹ እሳቸው በሌሉበት እትዬ ጸጥታ የሚሏቸውን፣ ነገሩ አልጣማቸውም። ማክሰኞ መጥቼ አያለሁ፣ ጨዋታ ሆኖ ካገኘሁት ታብሌቶቹ ወደ ቁም ሣጥን ይመለሳሉ አሉኝ። እርስዎም ቢሆኑ ጨዋታ ነው ብለውኝ ነበር። ከቤት ሆኖ በስልክ የሚያስገባውን ቁጥር የላክሁልዎ በእልህ ነው እንጂ ይገባሉ ብዬ አይደለም።

ማክሰኞ እትዬ ጸጥታ ከኋላ ተቀመጡ። ሦስት አራተኛ ለአንድ ሁለተኛ ሲካፈል ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሦስት ስምንተኛ አሉ፤ የስህተቱ ቀይ ቀለም ግድግዳውን ሞላው። እሳት አመድ ወለደ ሊያስብሉኝ ነው አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

ይኼኔ ነው ሐሳብ የሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ ጠመኔ ከሚባል ተማሪ፣ ሦስት ስምንተኛ ያላችሁ እንዴት አገኛችሁት የሚል ጥያቄ ብቅ ያለው። አባባ፣ ወዲያው አወቅሁዎ! ስንት ዘመን በተማሪ ደብተር ላይ በኤክስ ፈንታ ይህችኑ ጥያቄ ሲጽፉ ኖረዋል። እኔ ልጅዎ እንኳ እባክዎ ኤክሱን አድርገው ይገላግሉኝ እያልኩ እለምንዎ ነበር።

ልጆቹ ከመካከላቸው አንዱ መሰላቸው። ቀድማ የመለሰችው ማን ናት ቢሉኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው፣ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው የልብስ ሰፊዋ ልጅ። ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል ብዬ ነው ብላ ጻፈች። እኔም፣ እኔም የሚል መልስ ዘነበ። እርስዎም ቀጠሉና ከሦስት ሩብ ሜትር ጨርቅ ውስጥ ግማሽ ሜትር ስንት ጊዜ ይወጣል አሉ። የእናቷን ሙያ ሳያውቁ ጨርቅ ማለትዎ! ልጅቱ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። አንድ ጊዜ ተኩል ነው፣ ያላመነ ይምጣና ልቁረጥለት አለች፣ በአፏ፣ ጮክ ብላ።

ክፍሉ ተናወጠ። እትዬ ጸጥታ ብድግ ሲሉ አለቀልን አልኩ። እሳቸው ግን ጠጋ በሉልኝ ብለው አንዱ ቡድን መሐል ተቀመጡና ቀጣዩን ጥያቄ ራሳቸው ነኩ። ተሳሳቱ። ሃምሳ ልጅ ግን ሳይሥቅባቸው በአንድ ድምፅ እንዴት አገኙት ብሎ ጠየቃቸው። አባባ፣ ሴትዮዋ ሣቁ! ከዚያም እንዴት እንዳገኙት ቁጭ ብለው አስረዱ።

ታብሌቶቹ እኛው ዘንድ ቀሩ። እትዬ ጸጥታ ጠመኔ ማን ነው ብለው ቢያፋጥጡኝ በልጆቹ ፊት ደረቴን ነፍቼ አባቴ ናቸው፣ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው አልኩ። ኮራሁብዎ፤ በልጆቼም ኮራሁ። ከእንግዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜዬ አልፏል ሲሉ እንዳልሰማ። የልብስ ሰፊዋ ልጅማ ጣታቸው ስለሚዘገይ ቀደም ብለው ይግቡ ብላለች።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ። ቁጥሩን በስልክዎ ያስገባችልዎን ታናሽ እህቴን እጅሽ ይባረክ በሉልኝ። አክስቴን፣ ጎረቤታችንን አናጢውንም እንደምን አላችሁ ብላለች በሏቸው።

ለእርስዎም ከእትዬ ጸጥታ ሰላምታ አለ። የፊታችን ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል፤ ከተማሪዎቹ ስም ግርጌ ጠመኔ ብለው የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ያረፈደ ተማሪ አይወዱምና እንዳያሳፍሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ መጋቢት 12 ቀን