ሕክምና ሳልገባ ዶክተር የተባልኩበት ጥር

ሰኞ፣ ጥር 25

ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ከካምፓስ ቆቦ ቤታችን ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ። የጥር ሙቀት ነው ቢሉኝ አላምንም። የመጣሁ ዕለት ከባጃጅ ስወርድ የሰፈሩ ልጆች «ዶክተር መጣች!» እያሉ ሻንጣዬን ተሻሙ። የምን ዶክተር? ገና አንደኛ ዓመት፣ ያውም ግማሹ!

ሁሉም የአባ ሥራ ነው። የፓምፕ መለዋወጫ ሊገዛ ሱቁ የገባ ገበሬ ዕቃውን ሳያይ የእኔን ነገር ሰምቶ ይወጣል።

ሐቁን እዚህ ብቻ ልጻፈው። ፊዚክስ ሲ ፕላስ ነው ያመጣሁት። ሌላው ደኅና ነው። ግን ሕክምና የሚገባው በዓመቱ መጨረሻ የማትሪኩ፣ የፍሬሽማኑና የመግቢያ ፈተናው ውጤት ተደምሮ ነው። በዚህ ፊዚክስ እንዴት ነው የምገባው? ስንቱ ከእኔ ይሻላል…

እራት ላይ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ብዪ እንጂ ዶክተሬ» ብሎ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋው። ዋጥኩት። ሁለቱንም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ትግሉ በቴሌግራም የላከልኝን ደግሜ አነበብኩ። የሮቢት ልጅ ነው፣ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። «ውጤት ብቻ አይበቃም። በዕረፍትሽ ጤና ጣቢያ ገብተሽ በነፃ አገልግዪ። ሥራውን ሳታዪ ሕክምና ሕክምና አትበዪ።» እሺ።

ሄድኩ። ሲስተር ፍሬዓለም ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት። ፈጣን ናት፣ ሳቅ አታውቅም። «ምን ትችያለሽ?» አለችኝ። ምን እችላለሁ? ባዮሎጂ ኤ አለኝ ልበላት? «ማንበብ» አልኩ። ካርድ ክፍል አስገባችኝ።

ቀኑን ሙሉ አቧራ ስቅም ዋልኩ። መሐመድ የሚባል ሰው ስንት ነው ወገን! በሽተኛ ያየሁት በመስኮት ብቻ ነው። ይሄ ነው ለሕክምና መዘጋጀት ማለት?

ቤት ስገባ አክስቴ ራህመት ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የእማ እህት ናት፤ የሚለየን አጥር ብቻ ነው። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ፊቴ ዘረጋችው። ኅዳር ላይ ያጨዱት ማሽላ ጉቶ አውራ ጣቷን ወግቷት ነበር። እስካሁን አልዳነም። ጠቁሯል።

«አያመኝም'ኮ። እስቲ እይልኝ፣ ዶክተር።»

አየሁ። ዓይን አለኝ፣ አየሁ። «እኔ ምኑን አውቄው አክስቴ» አልኳትና ወደ ፊዚክሴ ዞርኩ። ደክሞኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ካርድ። ካርድ። ካርድ። ማታ መብራት የለም። ፊዚክስም የለም።

ሐሙስ፣ ጥር 28



ከጤና ጣቢያ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አባ ሳይነግረኝ ሰፈሩን ለዱዓ ሰብስቦ ወዳጃ ጠርቷል። ለማን? ለዶክተሯ! ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል። እኔን መሃል አስቀመጡኝ። «እጇን መድኃኒት ያድርገው!» «አሚን!» «ያገሯን ሰው የምታክም ያድርጋት!» «አሚን!» እኔ ደግሞ በሆዴ ሲ ፕላስ፣ ሲ ፕላስ…

ዱዓው ጋብ ሲል አንዷ ሴትዮ የአክስቴን እግር አየችው። «አንቺ፣ ይኼን ነገር ለሐኪም አታሳይም እንዴ?»

«አሳይቼ! ዶክተሯ አይታኝ ዝም አለች። ክፉ ነገር ቢሆን የእህቴ ልጅ ዝም ትለኛለች?»

ክው አልኩ። «አክስቴ! አላውቅም አልኩሽ'ኮ!»

«ትሕትናዋ ነው» አለች ለሴቶቹ። «የተማረ ሰው አውቃለሁ አይልም።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷማ «ወላሂ፣ አስተዳደግ!» አለች።

ምን ላድርግ? በምን ቋንቋ ልንገራቸው? አላውቅም ባልኩ ቁጥር ዶክተርነቴ ይጨምራል!

ተነሥቼ ቆምኩ። «ዶክተር አይደለሁም። ሕክምና አልገባሁም። ፊዚክስ ሲ ፕላስ ነው ያመጣሁት፣ ላልገባም እችላለሁ። እግሯን ያየሁት እንደማንኛችሁም ነው። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች።»

አንዱ ሽማግሌ ጎናቸው ያለውን «ሲ ፕላስ ምንድን ነው በሽታው?» ሲሉ ሰማሁ። ዱዓ የሚመሩት ሼህ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «እንግዲያው ለእግሯም ለትምህርቱም እናድርግ» ብለው እጃቸውን አነሡ። «አሚን!»

አባ በር ላይ ቆሞ ነበር። ትሪ ይዟል። መሬት አስቀመጠውና ወጣ።

ዓርብ፣ ጥር 29

አክስቴን ወሰድኳት። አኩርፋለች። ካርዷን ራሴ አወጣሁ።

ሲስተር ፍሬዓለም እግሩን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እግሩ አይደለም። «ውሃ ይጠማዎታል?»

«ውሃማ! ጀሪካን ብታመጪልኝ አልረካም። ሙቀቱ ነው ብዬ…»

ጣቷን ወግታ ደም ለካች። ስኳር ነው። በጣም ከፍ ብሏል። እግሯ የማያማት ስለ ደነዘዘ ነው። «ለምን እስካሁን ቆዩ?» ስትል አክስቴ ወደ እኔ አየች። ቀና አላልኩም። በአባ ተናደድኩ። በሰፈሩ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ግን በዚያች «ምኑን አውቄው» በምትለው ቃሌ። ሂጂ ብላት ምን ነበረበት? አንድ ቃል!

ሲስተር ቁስሉን ስታጥብ «ያዢልኝ» አለችኝ። ተረከዟን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩ። ሽታው ከበደኝ። አልለቀቅኩም።

ስንጨርስ በረንዳ ላይ «አሁንም ሕክምና ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ኅብረተሰቡን ለማገልገል…»

«ይኼን ሁሉም ይለዋል» ብላ ገባች። ያበሽቃል።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አባ አያናግረኝም። ምሳውን ሱቅ አስልኮ በላ። እማ ደግሞ «ለብቻው ብትነግሪው ምን ነበረበት? በሰው ፊት…» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን እኔን በሰው ፊት ዶክተር ሲያደርገኝስ ማን ጠየቀኝ?

ሰኞ፣ የካቲት 2

ወደ ካምፓስ ተመለስኩ። አባ ሱቁን ዘግቶ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆምን።

«ይኼ ፊዚክስ የምትይው ስለ ምንድን ነው?»

«ብዙ ነገር ነው። ለምሳሌ ውሃ ከጉድጓድ በፓምፕ ሲወጣ…»

«እኔ የምሸጠው?»

«እሱም አለበት።»

«እና እሱ ነው ያቃተሽ?»

ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ። እሱ አልሳቀም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «አዎ አባ፣ እሱ ነው ያቃተኝ» አልኩት። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲያስር አባ ከሥር ሆኖ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበው።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

የፊዚክስ ሚድ ውጤት ተለጠፈ። ከሠላሳ አሥራ ዘጠኝ። ባለፈው ሴሚስተር አሥራ አንድ ነበርኩ። ያሰብኩት ሃያ አምስት ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ተቀምጬ አሥራ ዘጠኝ! ትግሉ «ፋይናሉ ላይ ካልሠራሽ ያስቸግርሻል» አለ። አውቃለሁ። ሁሉም የማውቀውን ይነግረኛል።

ለሌላ ሰው ሳልናገር አባ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የአክስቴን ነገረኝ። ስኳሯ ወርዷል። ጣቷ ተርፋለች፣ ጥፍሯ ግን ወድቋል። መርፌውን ራሷ ትወጋለች፣ ሐኪም ቤት የማይሄድ ሰው ካየች ደግሞ ቁጣዋ መቆሚያ የለውም አለ።

ከዚያ ውጤቴን ነገርኩት። ከሠላሳ አሥራ ዘጠኝ።

ሱቅ ውስጥ ሰው አለ፤ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። አባ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይኼ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«መሃል ነው፣ አባ።»

ሱቅ ያሉት «ምን አለች?» ሲሉት ሰማሁ።

«መሃል ነው ብዬ ልንገራቸው?»

«ንገራቸው» አልኩት።