ሙጫው ላይ የቀረው አውራ ጣት

የኔ ዓለም፣ ክፉ አይንካሽ፤ የገለጥሽው ገጽ ሁሉ ደስታ ያሳይሽ።

እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የአባትሽን መቀስ ተውሶ አልመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

የላክሻቸው ምሁራን መጡ። ነፍሱን ይማረውና፣ አባትሽ የጠረዘውን የጸሎት መጽሐፍ ሽፋኑን በቢላ ከፍተው ውስጡ የተለጠፈውን ብራና አወጡ። የጥንት ክርስቲያኖች ጽፈውት ጠፍቶ ቀረ ከተባለ መጽሐፍ አንዱ ቅጠል ነው አሉ። ከመካከላቸው ሽማግሌው እንባቸውን አፈሰሱት። አባትሽ ቢሰማ፣ «ካርቶን ቸግሮኝ የወተፍኩት ነው እኮ!» ብሎ ይስቅ ነበር። እኔ ቆሜ አየኋቸው። ሰው ለቁራጭ ብራና ያለቅሳል፤ እኔ ባሌን ቀብሬ እንኳ እንባ እምቢ ብሎኛል። ዘመድ ልቧ ደነደነ ይላል መሰለኝ። ይበል። ሻይ አፈላሁላቸው፤ ስኳር መጨመሩን ግን ረሳሁት፤ እነሱም እንዲያው ጠጡት።

ብራናው አንቺ ወደምትሠሪበት የብራና ማደሻ ይመጣል፤ እዚያ ሙጫው ታጥቦ ይነበባል ብለውኛል። ደግ፣ ይነበብ። ብቻ ከጀርባው፣ ከታች ጥግ፣ ፊደል የሌለበት ቦታ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ያረፈበት የአውራ ጣት አሻራ አለ። መሃሉን የድሮ የቢላ ቁስል ጠባሳ ሰንጥቆታል። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እህል አፍሽ ላይ ጣል ሳታደርጊ ሥራ አትግቢ። እጅሽ ይባረክ፣ ድካምሽ ከንቱ አይቅር። አለቃሽን ለምኚልኝ፤ ያቺን ጥግ እንዳያጥቧት። እንባው የመጣ ቀን የማየው ይኑረኝ።

እናትሽ